የተያዘ ትከሻን በእጅ ማላላት፦ ለቤት ሰው የሚሆን መመሪያ

ትከሻ መያዙ መጀመሪያ የሚታወቀው በትንንሽ ነገር ነው። ነጠላ ወደ ኋላ ጣል ማድረግ ያቅታል። ፀጉር ማበጠር ያስቸግራል። ከላይኛው መደርደሪያ ሰሃን ለማውረድ እጅ እምቢ ይላል። "ብርድ ነው፣ ይለቃል" ይባልና ሳምንታት ይነጉዳሉ። ካልለቀቀ ደግሞ ከቤቱ ሰው ጉልበት ያለው ተመርጦ "እስቲ ና ሳብ አድርጋት" ይባላል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ለተጠራው ሰው ነው።

ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ትከሻ በጉልበት አይላላም። በኃይል የተሳበ ትከሻ ለዕለቱ የተላላ ቢመስልም በማግስቱ ይቆጣል፣ የተቆጣ መገጣጠሚያ ደግሞ ጡንቻውን ሁሉ አስጨንቆ ይይዛል፣ እና ከነበረበት ብሶ ታገኙታላችሁ። የሚሠራው ትንሽ፣ ቀስ ያለ እና የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይበጃል። የትከሻ መገጣጠሚያ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ ተንቀሳቃሽ ነው። የክንድ አጥንት ክብ ጫፍ ትልቅ ነው፣ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን ጥልቀት የለውም፤ ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ በሉት። እንዳይንሸራተት የሚይዙት በዙሪያው ያለው ሽፋን፣ ጅማቶቹ እና ከጀርባ ጠፍጣፋ አጥንት ተነስተው ክቡን አጥንት የሚያቅፉ አራት ጡንቻዎች ናቸው። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ እጅ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲነሳ ከእንቅስቃሴው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከክቡ አጥንት ሲሆን አንድ ሦስተኛው የሚመጣው ጀርባ ላይ ካለው ጠፍጣፋ አጥንት መንሸራተት ነው። ስለዚህ የሚያመው ፊት ለፊት ቢሆንም ሥራው በአብዛኛው ከኋላ ይጀምራል።

ለምሳሌ እንዲመቸን ታማሚዋ እናታችሁ ናቸው እንበል። ዕድሜያቸው ወደ 55፣ ስኳር አለባቸው፣ ቀኝ ትከሻቸው ከተያዘ ወራት አልፏል። ግን ከእሳቸው በፊት ጨርሶ መነካት የሌለባቸውን እንለይ።

እጅ የማይነካው ትከሻ

ሰውየው ወድቆ ወይም ተመቶ ከሆነ እና የትከሻው ክብነት ጠፍቶ ጥግ ያለው መስሎ ከታያችሁ፣ እጁንም ወደ ጎኑ ማስጠጋት ካልቻለ ወልቋል ማለት ነው። የሚወልቅ ትከሻ በአብዛኛው የሚወጣው ወደ ፊት ነው። በዚያ ሥር ነርቭ እና ደም ሥር ያልፋል። የትከሻውን የውጭ ጎን ቆዳ በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉና "ይሰማሃል?" በሉት፤ ከደነዘዘ ነርቩ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። አጥንትም አብሮ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፣ ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ማንም አይሳብ። እግርን ብብት ውስጥ አስገብቶ እጅ መጎተት ብዙዎች ያዩት ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ ግን አይሞከርም። እጁን ባለበት ሁኔታ በነጠላ አንግቱለት። እብጠቱ ሳይመጣ ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር አውልቁ። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብ አታብሉት። ከዚያ ራጅ ወዳለበት ቦታ ውሰዱት።

ስለ ወጌሻ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እጃቸው የሰለጠነ ወጌሻዎች አሉ፣ አልክድም። አደጋው ያለው ራጅ ሳይነሳ መጎተቱ ላይ እና በቀርከሃ አጥብቆ ማሰሩ ላይ ነው። የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ካበጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ እስኪነጋ አይጠበቅም። እስሩ ያኔውኑ ይፈታል፣ ጉዞ ወደ ሆስፒታል ነው። በአገራችን በጠበቀ እስር ምክንያት ጋንግሪን ይዟቸው እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨምደድ፣ ከላብ እና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልብ ነው ብላችሁ ሩጡ። የቀኝ ትከሻ ሕመም ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ከላይኛው ሆድ ሕመም ጋር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሐሞት ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ ትከሻውን ብታሹት ብታሹት ሐሞት ከረጢት አይድንም። ልዩ ምልክቱ፣ እጅ ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም ሕመሙ ያው መሆኑ ነው።

ትኩሳት ካለ እና ትከሻው ካበጠ፣ ከቀላ፣ ሲነኩት ከሞቀ አትንኩት። ሌሊት በየትኛውም ጎን ቢተኙ የማይተው ሕመም ከክብደት መቀነስ ጋር ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ከዚህ በፊት ካንሰር ከነበረበት፣ ከማሸት በፊት ሐኪም ይየው። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ወድቆ ድንገት እጁን ማንሳት ካቃተው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወራት ሳይባክን መታየት አለበት። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው የሚመራው በቀዶ ሐኪሙ ትእዛዝ ብቻ ነው። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው እና አጥንቱ ለሳሳ ሰው ጠንከር ያለ እሽት የለም።

ምን እንደያዘው መለየት

እናታችሁን ወንበር ላይ አስቀምጡ። ሁለቱንም ክርናቸውን ወደ ጎድን አስጠግተው 90 ዲግሪ ይጠፏቸው፣ ማለትም ያጥፏቸው፣ መዳፎቻቸው ይተያዩ። አሁን ክርን ከጎን ሳይለቅ ሁለቱንም እጅ ወደ ውጭ ይክፈቱ። ጤነኛው እጅ ይከፈታል። የተያዘው ወደ ፊት እንዳፈጠጠ ይቀራል፣ ወይም እሳቸው ሳያውቁት ወገባቸውን አዙረው ያግዙታል። ወገቡን ካያችሁ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ቀጥላችሁ እሳቸው እጃቸውን ለቀቅ ያድርጉና እናንተ በቀስታ ክፈቱት። በእናንተም እጅ ካልሄደ እና መጨረሻው ላይ ግድግዳ የነካችሁ ያህል ከቆመ ሽፋኑ ራሱ ተኮማትሯል፤ ፍሮዝን ሾልደር የሚሉት ይኸው ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣለት አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኮድማን ነው። ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ፣ ከወንድ ይልቅ በሴት፣ በተለይ ደግሞ ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይታያል። በነገራችን ላይ ስኳሩን ተመርምሮ የማያውቅ ሰው ያለ ምክንያት ትከሻው ከደረቀ፣ ስኳሩን ይለካ።

በእናንተ እጅ ሄዶ በራሳቸው አልሄድ ካለ ግን ችግሩ ጡንቻው ወይም ጅማቱ ላይ ነው። እጃቸውን በጎን ሲያነሱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መሃል ላይ ብቻ ካመማቸው እና ከዚያ በላይ ሲሄድ ከተዋቸው፣ ከትከሻው ጫፍ ሥር ያለው ጅማት ተቆጥቷል ማለት ይሆናል። ሕመሙ ከክርን አልፎ ወደ ጣት የሚወርድ፣ የሚወር እና የሚያደነዝዝ ከሆነ፣ አንገታቸውን ሲያዞሩም ከባሰ፣ ምንጩ አንገት ነው። ይህ መመሪያ ለአንገት አይሆንም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቀለበት አውልቁ። ቅባት ጥቂት ይበቃል፣ ቫዝሊንም የምግብ ዘይትም ያው ነው፤ እጅ እንዳይላጥ እንጂ መድኃኒትነት የለውም። አራተኛው ደረጃ ላይ ግን እጃችሁ መያዝ ስላለበት ቅባቱን መጥረግ ይኖርባችኋል።

ከእናታችሁ ጋር በአንድ ነገር ተስማሙ። ሕመሙን ከ10 ቁጥር ይስጡት። ከ4 ካለፈ እጃችሁ ይላላል። የእኛ ሰው ደግሞ "አይ ምንም አይል፣ በርታ ልጄ" ብሎ ጥርሱን ነክሶ ይችላል፣ ሕመሙ ካልጠና አይድንም የሚል እምነትም አለ። ስለዚህ አፋቸውን ብቻ አትመኑ። ፊታቸውን እዩ። ትንፋሻቸውን ከያዙ፣ ሌላኛው እጃቸው አንሶላ ከጨበጠ፣ አልፋችኋል።

ከማሞቂያው ሌላ ጠቅላላ ጊዜው 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከዚያ ቢረዝም እናንተም እሳቸውም ትደክማላችሁ።

ደረጃ አንድ፦ ማሞቅ

ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልላችሁ ትከሻው ላይ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ አኑሩ። ስኳር ያለበት ሰው ቆዳው ሙቀቱን በደንብ ላይሰማው ስለሚችል መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ውስጠኛ ጎን ለኩት፣ በየመሃሉም ፎጣውን ገልጣችሁ ቆዳውን እዩ። በረዶ የሚሆነው አዲስ ለተጎዳ ትከሻ ነው፤ ለከረመ ድርቀት ሙቀት ይሻላል።

ደረጃ ሁለት፦ ጡንቻውን ማላላት

ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርጉና ግንባራቸውን ያስደግፉበት። እናንተ ከኋላ ቁሙ። ከአንገት ጀምሮ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለውን ሥጋ በሙሉ መዳፍ ጨብጡት፣ ከፍ አድርጉት፣ ልቀቁት። ቆዳ መቆንጠጥ አይደለም። ሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲህ ካደረጋችሁ ትከሻቸው ከጆሮ ሥር ወረድ ሲል ታያላችሁ፣ ትከሻው የታመመ ሰው ሳያውቀው ወደ ላይ ሰቅሎ ስለሚኖር ነው።

ከዚያ ወደ ጀርባው ጠፍጣፋ አጥንት ውረዱ። በላዩ ላይ አግድም የሚሄድ ጠርዝ በጣታችሁ ታገኛላችሁ። ከጠርዙ በታች ያለውን ሥጋ በመዳፋችሁ ተረከዝ ቀስ እያላችሁ ከአከርካሪው ወደ ብብት አቅጣጫ እሹት። እዚያ ውስጥ ገመድ የመሰለ፣ ሲነካ እናታችሁን "እሱ ነው! እሱ ነው!" የሚያሰኝ ቦታ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ሕመሙን ፊት ለፊት ትከሻቸው ላይ ነው የሚሰማቸው። አትፈትጉት። ጫን ብላችሁ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ያዙት። ከሥር ሲላላ ይታወቃችኋል፣ ቁጥሩም ከ4 ወደ 2 ይወርዳል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ቦታ ለአንድ ቀን በቂ ነው። ይህን ሁሉ በአውራ ጣት ብቻ ከሠራችሁት በሳምንቱ የምትታመሙት እናንተ ናችሁ፤ መዳፋችሁን ተጠቀሙ፣ ጉልበቱንም ከሰውነታችሁ ክብደት አምጡት።

የብብቱ የኋላ ግድግዳ በአውራ ጣት እና በአራቱ ጣቶች መሃል የሚያዝ ወፍራም ሥጋ ነው። ያዙት፣ ቆዩበት፣ ልቀቁት። የብብቱን ጉድጓድ ግን አትጫኑ፣ ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች እና ደም ሥሮች ያሉት እዚያ ነው። "ኮረንቲ ጣቴ ድረስ ሄደ" ካሉ እጃችሁን ወዲያው አንሱ።

ፊት ለፊት፣ በደረት እና በትከሻ መሃል ያለውን ሥጋ ለማሸት መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፎጣም ደርቡ። ቀለል ያለ እሽት ለአንድ ደቂቃ ይበቃል። ትከሻው ፊት ላይ የሚያመውን ጅማት በጣት አቋርጦ መፈተግ በእንግሊዛዊው ሐኪም ሲሪያክስ የታወቀ ዘዴ ነው፣ ግን ቦታውን በትክክል ማግኘት ስልጠና ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ይቅር።

ደረጃ ሦስት፦ ጠፍጣፋውን አጥንት ማንሸራተት

ጊዜ አጥሯችሁ አንድ ነገር ብቻ መሥራት ካለባችሁ ይህን ሥሩ። አያምም፣ ለስህተት አይዳርግም፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል።

እናታችሁ በጤነኛው ጎናቸው ይተኙ። ጉልበታቸውን አጠፍ ያድርጉ። ከደረታቸው ፊት ትራስ አድርጉና የታመመው እጅ ትራሱን አቅፎ ይረፍ፤ እጁ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ጡንቻው አይለቅም። ፊት ለፊታቸው ቆማችሁ ወይም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ እጃችሁን የትከሻው ጫፍ ላይ አኑሩ። ሌላኛውን በክንዳቸው ሥር አሳልፉና የጠፍጣፋውን አጥንት ታችኛ ጫፍ በጣቶቻችሁ ያዙ። ሁለቱ እጆቻችሁ አጥንቱን በመሃል አድርገውታል።

አሁን መላ ትከሻውን ወደ ጆሮ ከፍ፣ ከዚያ ወደ ወገብ ዝቅ። 10 ጊዜ። ከዚያ ወደ አከርካሪው፣ ተመልሶ ወደ ፊት። ይህም 10 ጊዜ። መጨረሻ ላይ ክብ እየሠራችሁ አዙሩት፣ መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ በሌላው። መጀመሪያ ላይ እናታችሁ ያግዟችኋል። "እማ፣ አትርጂኝ፣ ለቀቅ አድርጊው" በሏቸው። ለቀቅ ሲያደርጉት ክብደቱ ድንገት እጃችሁ ላይ ይመጣል፣ ያኔ ነው ሥራው የሚጀምረው። አንዳንዴ ከሥሩ ቋቋቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ካላመመ አትደንግጡ።

ይህ አጥንት ጎድን ላይ ምን ያህል መንሸራተት እንደሚችል ማየት ከፈለጋችሁ እስክስታ የሚወርድ ሰው ጀርባ ተመልከቱ። ትከሻው ለተያዘ ሰው ያ ሁሉ ተቆልፎ ቆሟል። ሲሻላቸው ታዲያ ተቀምጠው ቀስ ያለ እስክስታ ቢሞክሩ ከየትኛውም ስፖርት አያንስም፣ ቀልዴን አይደለም።

ደረጃ አራት፦ መገጣጠሚያው

ትከሻው ከዚህ በፊት ወልቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ደረጃ ይዝለል። ያ ትከሻ ጥንካሬ እንጂ መላላት አይፈልግም። እንዲህ ያለ ሰው፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ ድንጋይ ለመወርወር እንደተዘጋጀ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ወደ ኋላ ማዞር የለበትም፤ ደግሞ የሚወልቀው በዚያ አቋም ነው።

እናታችሁ በጀርባቸው ይተኙ። ከትከሻቸው ሥር ትንሽ ፎጣ አጥፋችሁ አስገቡ። እጃቸውን ከጎናቸው 30 ዲግሪ ያህል አርቁት። አንድ እጃችሁ ክርናቸውን ከሥር ይደግፍ። ሌላኛው የላይኛውን ክንድ በተቻለ መጠን ለትከሻው ቅርብ አድርጎ ይቀፈው። ክርናቸውን ወይም አንጓቸውን ይዛችሁ አትሳቡ፣ ኃይሉ ወደ መገጣጠሚያው ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

አሁን እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ሰውነታችሁን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት። ክቡ አጥንት ከጎድጓዳው በጥቂት ሚሊሜትር ይርቃል። በዓይን የሚታይ ነገር ከሠራችሁ በዝቷል። ልቀቁ፣ ድገሙ። በሰከንድ አንድ ያህል፣ ለ30 ሰከንድ። አረፍ በሉ። ሦስት ዙር። ብዙ ታማሚ እዚህ ላይ "እፎይ" ይላል፤ ያላለ ከሆነ ምናልባት እየጠነከራችሁ ነው።

ሁለተኛው ወደ ኋላ መግፋት ነው። መዳፋችሁን በትከሻው ፊት ላይ፣ ክቡ አጥንት ላይ አኑሩና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ አልጋው በቀስታ ጫን፣ ለቀቅ። እጅ ወደ ውጭ አልከፈት ሲል ክቡን አጥንት ወደ ፊት መግፋት ይሻላል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ግን ፍሮዝን ሾልደር ላለባቸው ወደ ኋላ የተገፋው የበለጠ እንደከፈተ አሳይቷል። ያንን የሠሩት ባለሙያዎች መሆናቸውን አትርሱ። የእናንተ ድርሻ ለስለስ ያለው ነው።

ምን ያህል ለስለስ? አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ማይትላንድ ይህን ዓይነት እንቅስቃሴ በደረጃ ከፍሎታል፤ ከዚህ መመሪያ ደረጃዎች ጋር አታምታቱት። አንደኛው ትንሽ እና ገና መጀመሪያው ላይ የሚቀር ነው። ሁለተኛው ሰፋ ያለ፣ ግን ድንበሩ ጋር የማይደርስ። ሦስተኛው እና አራተኛው ድንበሩ ድረስ ይሄዳሉ። ለቤት አንደኛው እና ሁለተኛው ብቻ ናቸው፣ እነሱም ሕመም ያስታግሳሉ። የተቀሩት የሰለጠነ እጅ ይፈልጋሉ፣ ድንገት ቀጭ የሚያደርገው ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ደረጃ አምስት፦ አጋዥ እንቅስቃሴ

እዛው እንደተኙ ክርናቸው ይታጠፍ፣ ከሥሩም ፎጣ ይደረግ። አንጓቸውን ይዛችሁ እጁን ወደ ውጭ ክፈቱት። የመጀመሪያው እምቢታ ላይ ቁሙ። አሁን "እጄን ወደ ውስጥ ግፊው፣ ግን በትንሽ ኃይል" በሏቸው። እናንተ አታስኬዱትም። አምስት ሰከንድ። "ተይው፣ ተንፍሺ።" ሲተነፍሱ እጁ በራሱ ጥቂት ይከፈታል፣ ያቺን ትርፍ ውሰዱና እዚያ ቁሙ። አምስት ጊዜ ይደገም። የሚገኘው ጣት ጣት ያህል ነው፣ ግን ካለ ጠብ የተገኘ ነው።

በዚሁ ዘዴ እጁን ፊት ለፊት ወደ ላይ ማንሳት ይቻላል። እጅን ወደ ጀርባ ማዞር መጨረሻ ይምጣ፣ ሕመሙ ገና ትኩስ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይቆይ።

ደረጃ ስድስት፦ የእሳቸው ሥራ

በእጅ የተገኘው በእንቅስቃሴ ካልተያዘ እስከ ማታ አይቆይም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይሥሩ።

በጤነኛ እጃቸው ጠረጴዛ ተደግፈው ጎንበስ ይበሉ፣ የታመመው እጅ ወደ መሬት ይንጠልጠል። ሰውነታቸውን ወዲህ ወዲያ ሲሉ እጁ ራሱ ይወዛወዛል። ይህንንም ያስተዋወቀው ያው ኮድማን ነው። ቀጥሎ በጀርባ ተኝተው መቋሚያ ወይም የመወልወያ እንጨት በሁለት እጅ ይያዙ፣ ጤነኛው እጅ የታመመውን እየገፋ ወደ ላይ ያንሳው፣ ከዚያም ወደ ጎን ይግፋው። ግድግዳ ፊት ቆመው ጣታቸውን እያራመዱ ወደ ላይ ይውጡ፤ የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቆይቶ ሲሻል ነጠላውን በጀርባ በኩል በሁለት እጅ ይዞ ላይኛው እጅ የታችኛውን ቀስ ብሎ መሳብ ይጨመራል።

ብቻችሁን የምትኖሩ፣ በተለይ አረብ አገር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ መስኮት ስትወለውሉና መጋረጃ ስትሰቅሉ ትከሻችሁ የተያዘ፣ የሚያሻችሁ ሰው ባይኖር የቴኒስ ኳስ በግድግዳ እና በጀርባችሁ መሃል አድርጋችሁ ያንን የሚያመውን ቦታ ተደገፉበት። ደረጃ ስድስት ደግሞ ረዳት አይፈልግም። በተቻለ መጠን መሰላል ላይ ቁሙ እንጂ እጃችሁን ከራስ በላይ አድርጋችሁ አትዋሉ።

በማግስቱ

እሽቱ ልክ መሆኑን የሚናገረው የሚቀጥለው ጠዋት ነው። ትንሽ መቆጥቆጥ ካለ እና ቀን ላይ ከጠፋ፣ ጥሩ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ ከነሳቸው ወይም እስከ ማግስቱ ማታ ከዘለቀ በዝቷል፤ አንድ ቀን አሳርፉና በሚቀጥለው በግማሽ ቀንሱ። በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። ሲተኙ በጀርባቸው ሆነው ከክርናቸው ሥር ትራስ ያድርጉ፣ ወይም በጤነኛው ጎን ሆነው ትራስ ይቀፉ። 20 ሊትር ጀሪካን በዚያ እጅ ማንሳት ለጊዜው የለም። በአምስት ሊትር ይመላለሱ፣ ወይም ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ይነሳ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ምልክቱ ግድግዳው ላይ ከፍ ካላለ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂዱ። ጅማቱ ብቻ የተቆጣ ትከሻ ብዙ ጊዜ በሳምንታት እና በወራት ይሻለዋል። ፍሮዝን ሾልደር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መጀመሪያ የሚያምበት፣ ቀጥሎ ሕመሙ ቀንሶ የሚደርቅበት፣ በመጨረሻ የሚላላበት ጊዜ አለው፣ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። በሚያምበት ጊዜ እጅ ይለሳለስ፣ በሚላላበት ጊዜ ይበርታ። ሐኪም መገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ልስጥ ካለ፣ በተለይ ገና በሚያምበት ወቅት፣ እሺ ማለት ይጠቅማል፤ መርፌው ስኳርን ለጥቂት ቀናት ከፍ ስለሚያደርግ እናታችሁ ስኳር እንዳለባቸው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በእነዚያ ቀናትም ጠዋትና ማታ ለኩላቸው።